ለአንድ ቤት ሁለት ሹፌር

ጥቅምት 4 ቀን

ለውድ እህቴ፤

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ልበልሽ። ያለሽበት አገር ብርድ ነው ትያለሽና ፈጣሪ ከብርዱም ከክፉ ሰው ፊትም ይሰውርሽ። እኛ አንቺን ከማጣት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ባለቤቴ ፎቶ ኮፒ ቤቷን ከፍታ ከማሽኑ ጋር ስትጣላ ትውላለች፤ ማሽኑ ወረቀት ይበላል፣ እሷ ከንፈሯን ትበላለች። ሰላም ብላሻለች።

ስልክ እያለ ለምን እንደምጽፍልሽ ታውቂያለሽ። በስልክ እኔ አንድ ቃል ስናገር አንቺ አሥር ትናገሪያለሽ። ወረቀት ላይ ግን ወደሽም ጠልተሽም እስክጨርስ ትጠብቂኛለሽ።

የእኔ ነገር ያው ነው፤ መኪና ማስተማሩን ቀጥያለሁ። የሰፈሩ ሰው አሁንም "ፍሬን" እያለ ነው የሚጠራኝ። በስሜ የሚጠራኝ ባንክ ቤት ብቻ ነው። ድምፄ ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማል ይላሉ፤ ይሰማ፣ ያልሰማ ነው የሚጋጨው። አሁን የያዝኳት አንዲት ነርስ አለች፤ መሪውን እንደ አራስ ልጅ አንገት ነው የምትይዘው። "ጠበቅ አድርጊው፣ አያለቅስም" አልኳት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በእኔ በኩል ያለው የአስተማሪ ፍሬን ፔዳል አርጅቷል፤ እስከ ወለሉ ካልረገጡት አይዝም። እዚያ ከተገኘ ፈልጊልኝ።

ሌላ ወሬ የለም። አዎ፣ ማኅበራችን ለአስተማሪዎች ሁሉ የጤና ምርመራ አስደርጎ ነበር። ጢሙ ገና ያልጠነከረ ሐኪም ወረቀቴን አየና "ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ግፊትዎም ከፍ ብሏል" አለኝ። "በዚህ ዕድሜዬ ከፍ ከፍ ካልኩማ ተመስገን ነው" ብለው አልሳቀም። ኪኒን ጻፈልኝ። ገዝቼዋለሁ፤ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ጓደኞቼ የኮሌስትሮል ኪኒን ጭንቅላት ይበላል ይላሉ። ከአባባ ጭንቅላት የተበላው ለቤተሰባችን ይበቃል። ጮማዬንም ሦስት ማንኪያ ስኳሬንም በቁሜ አልለቅም።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 19 ቀን

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከደጅህ ይድረስ፤ ከአንተ አልፎም ባለቤትህን እቴቴን ይሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ብርድ ለመድኩ የሚል ሰው ግን የሚዋሽ ይመስለኛል። ሥራዬ ያው መጦሪያው ነው፤ አዛውንቶቹን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ መስማት።

ደብዳቤህን እስከ ኪኒኑ ድረስ እየሳቅሁ አነበብኩት። ከኪኒኑ በኋላ አልሳቅሁም።

እዚህ ከማለብሳቸው አንዱ የባቡር ሹፌር የነበሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት "ባቡሩ አመለጠን፣ አንቺ ነሽ ያዘገየሽኝ" እያሉ ይቆጡኛል። ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ ተሳፋሪ መስላቸው ቲኬት ያስወጧታል። አብሬአቸው እስቃለሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አባባን አስባለሁ። ጓዳ አስተኝተነው፣ እንግዳ ሲመጣ "ጉንፋን ይዞት ነው" እያልን የኖርነውን። ሦስት ዓመት የቆየ ጉንፋን!

የመጦሪያውን ሐኪም አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይዤ ጠየቅኋት። "አባታችን ስኳር ነበረው፣ ስብ ይወድ ነበር፣ በኋላ ሁሉን ረሳ። የዘር ነው ወይ?" አልኳት።

"ዘርም ድርሻ አለው" አለችኝ። "ግን አንጎል የሚኖረው በደም ነው። ውስጡ ያሉት ደም ሥሮች ከክር የቀጠኑ ናቸው። ስቡና ስኳሩ ከግፊቱ ጋር ሆነው ለዓመታት ሲጎዷቸው አንጎል በደንብ አይመገብም። በጎልማሳነቱ መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ ያለበት ሰው፣ ሲያረጅ የመርሳት ዕድሉ ይጨምራል። ይጨምራል አልኩሽ እንጂ ተፈርዶበታል አላልኩሽም።"

ስለ ኪኒኑም ጠየቅኋት። አንዳንዱ ሰው ሐሳቤ ደበዘዘብኝ ይላል፣ እሱን ለሐኪሙ መንገር ነው አለች። በብዙ ሰው ላይ ሲጠና ግን የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚል ማስረጃ አልተገኘም። እንግዲህ ምረጥ። ጓደኞችህ ሕክምና የተማሩት የት ነው? ጎማ ቤት?

ደግሞም ያልጻፍክልኝ ነገር አለ። እቴቴ ደውላ ነገረችኝ። ተማሪ ይዘህ ወጥተህ፣ አደባባዩን እንዳለፍክ መንገዱ ጠፍቶህ፣ "ቤታችን በየት በኩል ነው?" ብለህ ደውለህላታል። ወንድም ጋሼ፣ በዚያ አደባባይ ላይ ግማሹን ከተማ ያስተማርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ስለ ነርሷ አያያዝ ስትጽፍልኝ ይህን እንዴት ዘለልከው?

ፔዳሉን አገኘዋለሁ። የምልከው ግን ኪኒኑን መዋጥህን እቴቴ ስትነግረኝ ነው።

እህትህ

---

ጥር 27 ቀን

ለእህቴ፤

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝም፤ ምላስሽን ግን ትንሽ ያሳጥርልኝ።

ሁለት ወር ዝም ያልኩት አኩርፌ ነው፤ ፖስታ ቤቱን አታሚው። ቤቴ ውስጥ ሰላይ ይዤ እንደምኖር አላውቅም ነበር። ባለቤቴን "ምን ብለሽ ነገርሻት?" ብላት "የሆነውን" አለችኝ፤ እንደ ማሽኗ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

የሆነው እንዲህ ነው። ነርሷ ነበረች የምትነዳው። ከአደባባዩ ወጣንና "ጋሼ፣ ወዴት ልሂድ?" አለችኝ። መንገዱን አየሁት። ፋርማሲው አለ፣ ጎማ ቤቱ አለ፣ የማውቀው ሱቅ አለ። ግን አንዱ ከሌላው ጋር አልገናኝ አለኝ። የሰው ፊት ታውቂውና ስሙ ይጠፋሽ የለ? ከተማው በሙሉ እንደዚያ ሆነብኝ። "ቁሚ" አልኳት። ወርጄ፣ ከእሷ ራቅ ብዬ ደወልኩ። ይኸው ነገርኩሽ። ምሳ አልበላሁም ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ማንም ይጠፋዋል።

ወሬው ታላቁ ጋሼ ጋ ደረሰ። መቼም የሁላችን ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤታቸው በጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ኃላፊነቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ከዘራቸውን ይዘው መጡና፣ ሳይቀመጡ፣ "መኪናው ይሸጥ። አንተም ቤትህ ዐርፈህ ተቀመጥ። የአባባ ዓይነት ነገር ሰው ሳያይ ነው የሚያዝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ጉንፋን አልያዘኝም" አልኳቸው።

ገባቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መትተው ወጡ።

አንቺም እሳቸውም ለእኔ አንድ ናችሁ። እሳቸው በቁልፍ ሊይዙኝ ይፈልጋሉ፣ አንቺ በኪኒን። ፔዳሉን አትላኪ፤ አልፈልግም። እኔም ልጠይቅሽ ግን። አንቺ የአባባ ልጅ አይደለሽም? የአንቺ ስብና ስኳር መቼ ነው የተለካው? እስቲ እሱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

---

መጋቢት 30 ቀን

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ቁጣህንም ፈጣሪ አያጉድልብን። የሚቆጣ ሰው ገና አልተረታም።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ጥያቄህን ሸሽቼ ነው። የምውለው ከሐኪም ክፍል በር ሥር ነው፤ ክንዴን ግን ለማንም ዘርግቼ አላውቅም ነበር። ቀጭን ነኝ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው እላለሁ። ካላወቅሁት አያገኘኝም ብዬ ነው እውነቱ።

ተመረመርኩ። ስኳሬ ደህና ነው። መጥፎው ኮሌስትሮሌ ግን፣ እቴቴ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ ያንተን ይበልጣል። ሐኪሟን "እኔ'ኮ ሸንቃጣ ነኝ" ብላት "ኮሌስትሮል ወገብሽን አይለካም" አለችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። አባባ የማንንም ስም ሳያውቅ ሲሞት ሁላችንም "ዕድላችን ነው" ብለን አንገታችንን ደፋን። ማን ነው ዕድል ብሎ የነገረን? ስኳሩን ማን ተከታተለለት? ስቡንስ ማን ነገረው? ቢታከምም ላይቀርለት ይችል ነበር፤ ግን አልሞከርነውም። እኔ ሳልታገል ጓዳ አልገባም፤ አንተም አትገባም።

ኪኒኔን ጀምሬአለሁ። ኬክና ቅቤ ቀነስኩ። ከሥራ ስወጣ አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ዝናብ ቢሆንም። አሁን አልለምንህም። ላናድድህ ነው የምጽፈው፦ ከአንተ በፊት አወርደዋለሁ። ዕልኸኛ መሆንህን አገር ያውቃል። ዕልኽህን በእኔና በጎረምሳው ሐኪም ላይ አትጨርሰው፤ ለበሽታው አስተርፍለት።

አንዱን ግን እንደ ትእዛዝ ውሰደው፤ ታናሽ አያዝም ብትልም። እስክትመረመር ተማሪ ይዘህ መንገድ አትውጣ። ኪኒን ባትውጥ የምትጎዳው ራስህን ነው፤ መንገድ ላይ ግን የሰው ልጅ አለ። የማስታወስ ምርመራ አለ፤ እቴቴን ይዘህ ሂድ። የእንቅርት ዕጢም፣ የቫይታሚን እጥረትም፣ እንቅልፍ ማጣትም ሰውን ያስረሳል ብላኛለች ሐኪሟ። የሚድን ነገር ሆኖ ቢገኝስ?

እህትህ

---

ግንቦት 18 ቀን

ለእህቴ፤

በሄድሽበት ሁሉ ሰላም ይቅደምሽ፤ ከመጣብሽም የሚመለስልሽ ይብዛ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቃልሽን ሰማሁ ብልሽ ደስ ባለኝ። አልሰማሁም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ተማሪ ይዤ ወጣሁ።

ያቺው ነርስ ናት፤ ፈተናዋ ደርሷል። መብራቱ ጋ ደረስን። "ሂጂ" አልኳት። አልሄደችም። "ሂጂ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባት፤ የእኔን ጩኸት ታውቂዋለሽ። መሪውን እንደያዘች፣ በሽተኛ እንደሚያነጋግሩ ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ ቀይ ነው እኮ" አለችኝ።

ቀና አልኩ። ቀይ ነበር። ዓይኔ ቀይ መሆኑን አይቷል። ቀይ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን ለአንድ አፍታ ከእኔ ጋር አልነበረም። በፊታችን ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ይሻገሩ ነበር።

ዕድሜ ልኬን "አስተማሪሽን ስሚ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቹ የተሻገሩት እሷ ስላልሰማችኝ ነው።

ዳር አስያዝኳት። የመኪናውን ቁልፍ ወስጄ ለሽቦ ሰጠሁት። ሽቦ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ነው ስሙ። "ተማሪዎቼን ሁሉ ያዝልኝ" አልኩት። "እስከ መቼ ጋሼ?" አለኝ። "እኔ እንጃ" አልኩት። ከዚያ በፊት ለተማሪዬ "እኔ እንጃ" ብዬ አላውቅም።

በሳምንቱ ባለቤቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሯ ትልቅ ሴት ናት፤ ትዕግሥት አላት። ሰዓት ሳል አለችኝ፤ ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ጎን አከማቸኋቸው። አምስት ቃል ነገረችኝ፣ ሌላ ነገር አስወራችኝና ቃሎቹን መልስ አለችኝ። ሁለቱን መለስኩ። "ሌሎቹስ?" አለችኝ። "ሌሎቹ ለሌላ ሰው ይሁኑ" አልኳት። ባለቤቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠና እጄን ያዘች።

ዕጢውም ቫይታሚኑም ደህና ነው። ስኳሩ ግን ብሶበታል፣ ኮሌስትሮሉም ያው ነው። በአንጎል ምስሉ ላይ ትናንሾቹ ደም ሥሮች የቆየ ጉዳት አለባቸው አለች። "ገና መጀመሪያው ነው። የተጎዳውን አልመልስልዎትም። የቀረውን ግን አብረን ልንጠብቀው እንሞክራለን። ዋስትና አልሰጥም" አለችኝ።

"ዶክተር፣ እኔ ዋስትና አልጠየቅሁም" አልኳት። "መኪናም ዋስትና የለውም፤ ዘይቱ ግን በጊዜው ይቀየርለታል።" ኪኒኖቹን እዚያው ተቀበልኳት። እዚያው ዋጥኩ።

ያልነገርኩሽ ትልቁ ወሬ ገና ነው። ታላቁ ጋሼ ገዢ ይዘው መጡ። ሰውዬው ግቢያችን ገብቶ የመኪናዬን ጎማ በእግሩ ይመታል። ወጣሁና "አይሸጥም" አልኩ። "ማን ሊነዳው? አንተ እንደሆንክ..." አሉና ተዉት። እኔም፣ ፈጣሪ ምስክሬ ነው ሳላስበው፣ "ሚስቴ" አልኩ።

ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ነበር። በጥርሷ የያዘችው መቆንጠጫ ወደቀ። እንግዶቹ ሲወጡ መጥታ ፊቴ ቆመች።

"ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ 'ለአንድ ቤት አንድ ሹፌር ይበቃል' ሲለኝ የኖረው ሰውዬ የት ሄደ?"

"ረሳሁት" አልኳት።

"ይህንንስ እንኳን ረሳኸው" አለችኝ።

ጀምረናል። ሽቦ ከጎኗ ይቀመጣል፤ እኔ ከኋላ ወንበር። ለእኔ ጥሩ የእግር ጉዞ ጫማ ላኪልኝ። ሻይ ያለ ስኳር ግን የብርጭቆ እጣቢ ነው፤ ይህንን ለሐኪምሽ ንገሪልኝ።

ወንድምሽ

---

ሰኔ 22 ቀን

ለወንድም ጋሼና ለእቴቴ፤

ሰላማችሁ ይብዛ፤ ጎማችሁ አይተንፍስ።

ታላቁ ጋሼ ደወሉልኝ። "ወንድምሽ አእምሮው ተነካ፣ ሚስቱም ተከትላው አበደች። እባክሽ ምከሪያቸው" አሉኝ። "መክሬአታለሁ ጋሼ፤ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቶሎ እንዳትለቀው" አልኳቸው። ከዚያ ቀልዱን ተውኩት። "አባባን ስንደብቀው እሱ አላፈረም፣ ያፈርነው እኛ ነን። ይህን ወንድሜን ግን ማንም አይደብቀውም። መኪናው እንዲሸጥም አልስማማም" አልኳቸው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው "አልስማማም" አልኩ። ስልኩን ዘጉብኝ። ግን አልጸጸተኝም።

ኮሌስትሮሌ ወርዷል። ቀድሜሃለሁ። ጫማውን ልኬአለሁ፤ ተራመድበት እንጂ ለታይታ አታስቀምጠው። የዕረፍት ፈቃድም ጠይቄአለሁ፤ ከተሰጠኝ እመጣለሁ። የታመመ ሰው ልጠይቅ አይደለም የምመጣው። ከአንተ ጋር ፊት ለፊት ልጣላ ነው።

በስልክ የማልችለውን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትፈራለህ ወይ?

እህትህ

---

መስከረም 16 ቀን

ለእህቴ፤

የከረመው እንደ ከረመ ይሂድ፣ የመጣው በደግ ይጀምርሽ።

አዎ፣ እፈራለሁ። ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ የሁላችሁንም ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ። አንድ ቀን አንዱ ቢጎድልብኝስ እላለሁ። አንድ ማለዳ የባለቤቴ ስም ዘገየብኝ። አጠገቤ ተኝታ ትተነፍሳለች፣ እኔ ስሟን እፈልጋለሁ። መጣልኝ። ሳትነቃ ጠራኋት፤ "ምነው?" አለችኝ። "ምንም፣ መኖርሽን ላረጋግጥ ነው" አልኳት። ከዚያ ተነሣሁና ጫማዬን አጠለቅሁ። ፈርቼ ከአልጋ የቀረሁበት ቀን ግን የለም። የጠየቅሽኝን መለስኩልሽ፤ ደግመሽ አትጠይቂኝ።

አሁን ስለ ሹፌሯ ልንገርሽ። ክረምቱን ሁሉ ኳስ ሜዳ ላይ ከረምን። የሰፈሩ ወጣት ዳር ቆሞ "አሮጊቷ ልትነዳ ነው፣ አጥር ያላችሁ አጥራችሁን ያዙ!" እያለ ይስቃል። አንድ ባዶ በርሜል ገጨች። ወርዳ በርሜሉን በእጇ አቃናችና፣ ለሚስቁት "አያችሁ? እሱ እንኳን ተነሣ" ብላ ተመልሳ ገባች። እኔ ከኋላ ሆኜ እጮሃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መስታወቱን ወደ እኔ አዙራ "አንተ ሰውዬ፣ መሪው የማን እጅ ላይ ነው?" አለችኝ። ሽቦ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች፤ ወደ ኋላ ስትነዳ ምልክቱን ነካች። ፈታኙ "እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አስቸገረዎት?" አላት። "ልጄ፣ አንተን ምን አስቸገረህ? የሚቀጥለውን ቀን ንገረኝ" አለችው። በሁለተኛው አለፈች። መንጃ ፈቃዷን ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ በትልቁ አባዝታ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች፤ ለሚገባ ለሚወጣው። እኔም ከሱቁ አንድ ጥግ ወንበር ይዤ ለጀማሪዎች የመንገድ ምልክት አስተምራለሁ። ስሳሳት ያርሙኛል፤ እኔን ለማረም ሲሉ ሁሉንም ያጠናሉ። ነርሷም አልፋለች፤ እየነዳች መጥታ ሳመችኝ።

ባለፈው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮዬ ነበር፤ ባለቤቴ ነድታ ልትወስደኝ ወጣን። ከበሩ ላይ ማን ቆሟል? ታላቁ ጋሼ፣ ከነከዘራቸው። ልንጣላ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እሳቸው ግን መኪናውን ሳይሆን መሬቱን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ... የስብና የስኳሩን ነገር እዚያ ይለካሉ?" አሉ።

"ይለካሉ ጋሼ።"

"ለእኔም... እንዲያው ለማወቅ ያህል።"

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የኋላውን በር ከፈተችላቸው። መንገዱን ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨምድደው ይዘዋል። ሐኪም ክፍል ሲገቡ "ግባ አብረኸኝ" አሉኝ። ገባሁ። ክንዳቸውን ሲዘረጉ እጅጌያቸውን የሰበሰብኩላቸው እኔ ነኝ።

የእኔ ውጤት፦ ስኳሩም ኮሌስትሮሉም ወርደዋል። ቃሎቹን ግን ከአምስት ሦስት ነው የመለስኩት። አንድ ጨመርኩ ብዬ ስፎክር ዶክተሯ "ያው ነው፤ አልተሻለም፣ አልባሰም" አለችኝ። እኔ አልባሰም የሚለውን ይዤ ወጣሁ። ሌላውን እዚያው ተውኩላት።

ፈቃድ አግኝተሻል አሉ፤ ባለቤቴ ነግራኛለች፤ ሰላይነቱ አሁን ለእኔም ይሠራል። እንግዲህ ነይ። ከአውሮፕላን ጣቢያ የምትወስድሽ እሷ ናት። እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ አፌን ልይዝ ቃል አስገብታኛለች። ስስምሽ ስምሽ ቢጠፋብኝ ንገሪኝ። ሁለቴ ብጠይቅሽ ሁለቴ ንገሪኝ። ፊትሽን አዙረሽ ማልቀስ ግን የለም፤ ካለቀስሽ ፊቴ ላይ አልቅሺ፣ እኔም የምለው አላጣም። ከዚያ ከኋላ ግቢና ቀበቶሽን እሰሪ። ሚስቴ ስታስነሣው መኪናው ትንሽ ይዘላል።

ወንድምሽ